በማቲልዳ ላይ የተሰቀለው ስም

ያን ቅዳሜ ጠዋት ኔሊ ሳግደን የተተኮሰ ቱታዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን በአዲስ ሻሽ አስራ ወደ ሥራ ስትወጣ ያያት ጎረቤት ሁሉ መልካም ቀን ተመኘላት። መንደሩ በሙሉ የሚጠብቀው ቀን ነበር። ሁለት ዓመት የለፋችባት ማቲልዳ የምትባለው አሮጌ የእንፋሎት ባቡር በእንግዶች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትንቀሳቀስ ነው። ኔሊም ለሁሉም በፈገግታ አጸፋውን መለሰች። ሆዷ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው። እሷ የተነሳችው ማቲልዳን ለማንቀሳቀስ ሳይሆን ባለችበት ገትሮ ለማስቀረት ነበር።

በዚያ ጠባብ የዮርክሻየር ሸለቆ ውስጥ «ዌዘሪልና ልጅ» የተባለውን ድርጅት የማያውቅ የለም። ዘመን የሻራቸው የእንፋሎት ባቡሮች ዝገት በልቷቸው፣ ወፍ ጎጆ ሠርቶባቸው በጭነት መኪና ይመጣሉ። ከዚያ ቦይለራቸው ተፈትሾ፣ ቱቦአቸው ተለውጦ፣ መንኮራኩራቸው ቶርኖ ቤት ገብቶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብተው በገዛ እንፋሎታቸው እያፏጩ ይወጣሉ። ሥራው እጅ ያቆሽሻል፣ ደመወዙም አያኮራም። ሰዎቹን ብትጠይቋቸው ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በዓለም ላይ የለም ይሏችኋል፤ ደግሞ ከልባቸው ነው።

በዚህ ጋራዥ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ። ከባቡር ሥር ለሥራ የሚገባ ሰው ስሙ የተጻፈበትን ቀይ ሰሌዳ በባቡሩ ግንባር ላይ ይሰቅላል። ከስሙ በላይ «አታንቀሳቅሱ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያንን ሰሌዳ ስሙ ከተጻፈበት ሰው በቀር ማንም አይነካውም። ቸኩያለሁ ማለት የለም፣ አለቃ ነኝ ማለት የለም። የድርጅቱ መሥራች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በበሩ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም ያጻፉት ቃል እስካሁን ይነበባል፤ «የሌላውን ሰሌዳ ያነሳ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያው ቀን ከዚህ በር ይውጣ» ይላል።

የኔሊ አባት ኤርነስት ሳግደን ለጀማሪ ሠራተኛ ሁሉ ይህንን ሕግ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሥር ሳለ ባቡሩ ተንቀሳቀሰና ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ጨፈለቀው። ሲታይ በባቡሩ ግንባር ላይ ሰሌዳ አልነበረም። ኤርነስትም ሆስፒታል ተኝቶ ሲጠየቅ መስቀሉን ረሳሁት ብሎ ተናገረ። ባለቤቱ ክሌመንት ዌዘሪል ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለውን ሰው በቸልተኝነት ወንጅሎ አሰናበተው፤ እጁን እንኳ አልጨበጠውም።

እግር ተጎድቶም ይኖራል። በዚያ ሰፈር «ሰሌዳውን የረሳው» ተብሎ መኖር ግን ከባድ ነው። ማንም በፊቱ አልሳቀበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። መጠጥ ቤት ሲገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ወንበር ይስቡለታል፣ እንደ በሽተኛ እየተሽቀዳደሙ ቢራ ይጋብዙታል። ኤርነስት ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤቱንም ጋራዡንም ረግጦ አያውቅም። ጓሮው ውስጥ ባሮ ሽንኩርት ሲኮተኩት ይውላል፣ ሲመሽ ሬዲዮ ከፍቶ ዝም ይላል።

ኔሊ ያንን ዝምታ አራት ዓመት ሙሉ ስታዳምጥ ቂም ቋጠረች። በአባቷ እግር ተተክታ የተቀጠረችውም ለእንጀራ ብላ ብቻ አይደለም፤ ዌዘሪሎችን አንድ ቀን ከውስጥ ሆና ልታዋርዳቸው ነው። እንዴት እንደምታዋርዳቸው ባታውቅም ጊዜው ራሱ ያሳየኛል ብላ ትጠብቅ ነበር።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጊዜው ያሳያት የባለቤቱን ልጅ ሎረንስን ሆነ። አባቱ ከረባት አስሮ ቢሮ እንዲቀመጥ ቢለምነውም ሎረንስ ቱታውን አላወልቅም ያለ ልጅ ነው። ወሬ አያበዛም፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። ኔሊ ከማቲልዳ ሆድ ውስጥ እጇን ስትዘረጋ የምትፈልገው መፍቻ ሳትጠይቅ መዳፏ ላይ ይቀመጣል። ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል። ክረምቱን አንድ ቆርቆሮ ኩባያ ሻይ እየተቀባበሉ ጠጡ፤ እሷ ጠጥታ ስትሰጠው እሱ ከንፈሯ ባረፈበት በኩል አዙሮ ይጠጣል። ይህንን ያየችው ቀን ቂሟን ለአንድ ሳምንት ያህል ረሳችው። አሁን ግን ለዚያ ሳምንት ራሷን ትረግማለች።

ምክንያቱም ባለፈው እሑድ በቦዩ ዳር ሲሄዱ ሎረንስ ቆመና ላገባሽ እፈልጋለሁ አላት። ገና ከንፈሯን ሳታላቅቅ እጁን አነሳ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ማወቅ ያለባት ነገር እንዳለ ነገራት። እግሩ የተጨፈለቀ ዕለት አባቷ ሰሌዳውን ሰቅሎ ነበር። ያነሳው እሱ፣ ሎረንስ ነው።

ኔሊ ቀሪውን አልሰማችም። ቀሪ ነገር ይኖራል ብላም አላሰበችም። እጇን ከእጁ መንጭቃ ሄደች፤ ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማች፣ አልዞረችም። አራት ዓመት ሙሉ አባቷ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ሲኖር፣ ይሄ ሰው እውነቱን እያወቀ ሻይ ሲጠጣ ኖሯል። ከእሷ ኩባያ ሲጠጣ።

*

ጋራዡ ውስጥ ማቲልዳ ከማለዳ ጀምሮ እሳት ተለኩሶላት ቀስ በቀስ ስትሞቅ ቆይታ አሁን ለመነሳት ትንሽ ነው የቀራት። አረንጓዴ ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ነሐሷ ተወልውሏል። ግቢው ውስጥ ማርሽ ባንድ መለከቱን ያሟሙቃል፣ ሴቶች የሥጋ ፓይ ይቆርጣሉ። እንግዶቹ የሸለቆው የባቡር መስመር ኃላፊዎች ናቸው። ማቲልዳን ተረክበው ከወደዷት የቀሩትን ባቡሮቻቸውንም ለክሌመንት ዌዘሪል ሊሰጡት ነው። ካልወደዷት ግን ጋራዡ ክረምቱን የሚሻገርበት ሥራ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል።

ኔሊ ወደ ግድግዳው ሄደች። የሠራተኞቹ ቀይ ሰሌዳዎች በየምስማራቸው ተሰልፈዋል። መጨረሻ ላይ ባለው ምስማር ማንም ሊያወርደው ያልደፈረ አንድ አሮጌ ሰሌዳ አቧራ ለብሶ ይታያል። አወረደችውና በእጅጌዋ ጠረገችው፤ «ኤ. ሳግደን» ይላል። ይዛው ሄዳ በማቲልዳ ግንባር ላይ ሰቀለችው።

ባቡር ነጂው ሽማግሌው ፐርሲ ከላይ ሆኖ ሲያያት ፒፓውን ከአፉ አወጣ።

«ኔሊ፣ ምን መሥራትሽ ነው?»

«ማንበብ ትችል የለ፣ አንብበው።»

«አባትሽ ከሥር የለም።»

«ያኔም ሰሌዳ የለም ብለው ነዱት» አለች። «አሁን ሰሌዳ አለ። ከቻልክ ንዳት።»

ፐርሲ የሰሌዳውን ስም ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ የድንጋይ ከሰል ክምሩ አጠገብ ተቀመጠና ፒፓውን መልሶ ለኮሰ። ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ በቅድሚያ የገባው እሱ ነው፤ ማቲልዳ ዛሬ የትም አትሄድም። ኔሊ ልቧ ሲመታ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት፤ ደስታ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው።

*

ክሌመንት ዌዘሪል እንግዶቹን አስከትሎ ሲገባ ፈገግታው ፊቱን ሞልቶት ነበር። ሰሌዳውን ሲያይ ፈገግታው ሳይወርድ ደረቀ። ምንድነው ይሄ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ ጠየቀ። ኔሊ ወደ ፊት ወጥታ እኔ ነኝ የሰቀልኩት አለችው። አንሺ አላት። ስሜ አይደለም ብላ መለሰች። ተባረሻል አላት። እሺ አለች፤ እሺታዋ ከስድብ በላይ አበሳጨው።

ወደ ፐርሲ ዞረ፤ ፐርሲ ጉልበቴን አሞኛል አለ። ወደ ቀሪዎቹ ዞረ፤ አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ በጨርቅ የጸዳ ብረት እንደገና ያጸዳል። እንግዶቹም ቢሆኑ ተራ እንግዳ አይደሉም፤ በባቡር ያረጁ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ክሌመንት በእነሱ ፊት በገዛ እጁ ቢያነሳው ባቡር ቀርቶ የባቡር ደወል እንኳ እንደማይሰጡት ገብቶታል። ማቲልዳ ደግሞ እንፋሎቷ ሞልቶ በላይ በኩል እየጮኸች ማስወጣት ጀምራለች፤ ግማሹን ንግግር የሰማው የለም።

በመጨረሻ ክሌመንት ልጁን ጠራ።

ኔሊ ስትጠብቅ የነበረችው ይህችን ደቂቃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ስታያት ነበር። ሎረንስ አባቱ አዞት፣ እንደ ለመደው፣ የሳግደንን ሰሌዳ እንደገና ያነሳል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ያን ጊዜ አፏን ከፍታ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያውንም ያነሳው እሱ ነው ትላለች።

ሎረንስ እስከ ባቡሩ ግንባር ድረስ ሄደ። የሰሌዳውን ስም አነበበ። ዞር ብሎ ኔሊን አያት። ጆሮው አልቀላም፤ ፊቱ በሙሉ ነጭ ነበር። እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ዓይኑን የሚሰብረው እሱ ነው፣ ዛሬ ግን የሰበረችው እሷ ሆነች።

«አላነሳም» አለ።

«ሎረንስ» አለ አባቱ በጥርሱ። «ይሄ የማን ድርጅት ነው?»

«ያንተ ነው። ሰሌዳው ግን የኤርነስት ነው።»

ኔሊ የበቀሏን ግማሽ ከእጇ የነጠቃት መሰላት። ልትጠላው ያዘጋጀችውን ነገር አላደርግም ብሎ ከለከላት። እንዲህ ያለ ንዴት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

*

መልእክተኛ ወደ ኤርነስት ቤት ተላከ። ኤርነስት እዚያ ሥራ የለኝም ብሎ መለሰው። ሁለተኛ ተላከ፤ በሩን አልከፈተም። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ማርሽ ባንዱ የሚያውቀውን ዜማ ጨርሶ ከመጀመሪያው ደገመው። በመጨረሻ ክሌመንት ዌዘሪል ራሱ ኮቱን ቆልፎ፣ መኪናውን አስነስቶ፣ ወደ እነዚያ የተጣበቁ የሠራተኛ ቤቶች ቁልቁል ወረደ። በሕይወቱ እዚያ ሰፈር ገብቶ አያውቅም። በየመስኮቱ መጋረጃ እየተገለጠ ሲታይ ምን እንደተሰማው ኔሊ ለማወቅ የወር ደመወዟን በሰጠች።

ከከሰል ክምሩ ጀርባ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሎረንስ መጣ። ሂድ አለችው። አልሄደም።

«ጎበዝ ነሽ» አላት። «እኔ ዕድሜ ልኬን አባቴን ከዚያ ቢሮ አስወጥቼ አላውቅም።»

«አታወድሰኝ። ላንተም ነው የተሰቀለው።»

«አውቃለሁ።»

«ብታነሳው ኖሮ ጥሩ ነበር። ሁሉም ያይህ ነበር።»

«ለዚያ ብለሽ እንደሆነ ሲገባኝ ላነሳው ነበር» አለ። «ደስ እንዲልሽ። እጄ ግን እምቢ አለ።»

ኔሊ ሳቀች፤ መጥፎ ሳቅ ነበር። «ያኔስ እጅህ የት ሄዶ ነበር? አባቴ ሠላሳ ዓመት ያከበረውን ሰሌዳ ስታነሳ እጅህ እምቢ አላለም? እኔ ሌሊት እግሩን ሲያመው ሲያቃስት ስሰማ አንተ ተኝተህ ነበር። ጠዋት መጥተህ መፍቻ ታቀብለኛለህ። እኔን የወደድከኝ ለንስሐህ ነው? አባትየውን ሰብሬያለሁ፣ ልጅቱን ልጠግን ብለህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን የምትለው አለህ? ንገረኝ። ዛሬ እሰማሃለሁ።»

አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር እስከ ጥርሱ ድረስ መጥቶ አየችው፤ በእርግጥ አየችው። ከዚያ ዋጠው።

«የምለው የለኝም» አለ። «የኔን እሑድ ነግሬሻለሁ። ካነሳሁት አንስቻለሁ፤ ይሄ ነው።»

ቢለማመጣት ኖሮ፣ ምክንያት ቢደረድር ኖሮ፣ ልቧ ይደነድን ነበር። እሱ ግን እዚያው ቆሞ የምትሰድበውን ስድብ ሁሉ እንደ ዝናብ ተቀበለ። ኔሊ ጥላው ስትሄድ የያዛት ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ አወቀች፤ ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

*

ኤርነስት ሳግደን ከክሌመንት መኪና ሲወርድ ባንዱ ማንም ሳያዘው መንፋቱን አቆመ። የጓሮ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ አለ። በዱላው ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ገባ። የድሮ ባልደረቦቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኔሊ ቆማ ያንን አየች፤ ለቅሶና ኩራት እኩል መጡባት።

ክሌመንት ይህንን ሰው ያን ሁሉ ዘመን «ሳግደን» ከማለት በቀር ሌላ ስም ጠርቶለት አያውቅም። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስተር ሳግደን» አለ። «እባክዎ ሰሌዳዎን ያንሱልን።»

እባክዎ አለ። ኔሊ ቃሉን በጆሮዋ ሰማች። አራት ዓመት የተራበችው ይህንን ነበር፤ ሆዷ ግን አልጠገበም። የቀረውን ፈለገች።

ኤርነስት ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ልጁን።

«ማነው የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ አባዬ። ያኔም ሰቅለኸው እንደነበር ሁሉም ይወቅ ብዬ ነው። አልረሳህም። ሲሉህ ሲሉህ አንተም አምነህ ነው እንጂ አልረሳህም።» ጣቷን ቀሰረች። «እሱ ነው ያነሳው። የሚስተር ክሌመንት ልጅ። ጠይቁት፤ ይካድ እስቲ።»

ሁሉም ወደ ሎረንስ ዞረ። ሎረንስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ኤርነስት ሰሌዳውን ሰቅሎ ነበር። እኔ አነሳሁት። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

የጋራዡ ሰዎች ፊት ሲለወጥ ታየ። ክሌመንት አንዴ ልጁን አንዴ እንግዶቹን ያያል። ኔሊ አገኘችው። የፈለገችው ሁሉ እነሆ በእግሯ ሥር ወድቆ ተነጥፏል።

«ጨርሰው እንጂ» አለ ኤርነስት።

«ጨርሻለሁ።»

«አልጨረስክም ልጄ። ግማሹን ዋጥከው።» ኤርነስት ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ድምፁ ብዙ ጊዜ ስላልተጠቀመበት ሻክሯል። «ሥራውን ጨርሼ ከሥር ወጥቼ ነበር። እጄን እየጠረግኩ፣ ሰሌዳዬን አንሳልኝና ለነጂው ንገረው አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። አሥር እርምጃ ሄጄ ራሴ ማንሳት ሰለቸኝ። ልጁ አነሳው፤ ለምን አያነሳው፣ ያስተማርኩት እኔ፣ ያዘዝኩት እኔ። ከዚያ የሆነ ቦታ ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማሁና ተመልሼ ገባሁ። ለማንም ሳልናገር።»

ኤርነስት ወደ ድሮ ባልደረቦቹ ዞረ።

«እናታችሁ ብትጠይቃችሁም የሌላውን ሰሌዳ አትንኩ፣ የራሳችሁንም ለማንም አትስጡ እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ሰጥቻለሁ ብዬ ከምናገር ረሳሁ ብል ቀለለኝ። ልጁም ከበሩ ይወጣ ነበር፤ ገና ለጋ ነው፣ እጁ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሆስፒታል ሲመጣ እያለቀሰ እናገራለሁ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዤ አስማልኩት።»

«አባዬ» አለች ኔሊ። ቃሉ ሲወጣ እንደ ሕፃን ልጅ ነበር። «ለኔ እንኳ?»

«ላንቺማ እንዴት ልንገርሽ?» አለ ኤርነስት። «በኔ የምትኮራ አንቺ ብቻ ነበር የቀረሽኝ።»

ኔሊ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። አባቷን ከውርደት ላወጣ ብላ፣ እሱ በገዛ ፈቃዱ ሸፍኖ የኖረውን በመንደር ፊት ገፈፈችው። ራሷ በእጇ።

ክሌመንት ዌዘሪል ግን ትንፋሹ ተመለሰለት። ከረባቱን አስተካከለ። እንደዚያ ከሆነማ፣ አለ ወደ እንግዶቹ እያየ፣ ያን ጊዜ ማሰናበቴ ልክ ነበር ማለት ነው። ቀድሞ የተባለው «እባክዎ» የት እንደገባ እንጃ።

«ልክ ነበሩ» አለ ኤርነስት። ሽማግሌው አንገቱን እንኳ አልደፋም።

ኔሊ ያን ጊዜ የክሌመንትን ፊት በጥፍሯ ለመቧጨር አንድ ሐሙስ ነው የቀራት። የቀደማት ሎረንስ ነው።

«አባባ፣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው።»

«ይሄ አሁን ያለፈ ነገር ነው።»

«ለኤርነስት ሕግ ከሆነ ለኔም ሕግ ነው። ሰሌዳ አንስቻለሁ። ‹ማንም ይሁን ማን› ነው የሚለው፤ አያቴ ናቸው ያጻፉት።»

«አንተ ልጄ ነህ» አለ ክሌመንት። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባት ድምፅ ሆነ፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። እንግዶቹ ከግድግዳው ነጭ ጽሑፍ ዓይናቸውን አላነሱም። ሠራተኞቹም እንደዚያው። ክሌመንት የገዛ ሕጉን በፊታቸው ቢሰርዝ ድርጅቱ ያልቃል፤ ባይሰርዝ ከስሙ ላይ «ልጅ» የሚለው ይቀራል።

ሎረንስ ከኪሱ መፍቻውን አውጥቶ በማቲልዳ መርገጫ ላይ አስቀመጠ። ኤርነስትን እጁን ጨበጠው። ወደ ኔሊ አላየም። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በበሩ ወጣ።

ይኸው የዌዘሪል ቤት ተዋረደ። ክሌመንት ከዚህ በላይ ሊከፍል የሚችለው ዋጋ አልነበረም፤ ኔሊ እስክትሞት ብታሰላ ይህንን የሚያህል በቀል አይመጣላትም። እዚያው ቆማ ጣዕሙን ጠበቀችው። አልመጣም። የመጣው ከዚያ በር አንድ ሰው እንደወጣና ሥፍራው ባዶ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

«ሂጂ» አላት አባቷ ሰሌዳውን ለማንሳት እጁን እየዘረጋ። «ማሪው አልልሽም። ዝም ብለሽ ግን አትቀመጪ። ዝምታ ምን እንደሚያደርግ እኔን አይተሻል።»

*

ከግቢው ወጥቶ ድንጋይ አጥሩ ጋ ደርሶ ነበር። ሮጣ ደረሰችበት። ሻሿ ተፈትቶ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኗል፤ አልሰበሰበችውም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «አሁን እንኳ፣ ከሰሉ ጋ፣ ንገረኝ ብዬ ስጠይቅህ።»

«ግማሹ የኔ ነው፣ እሱን ነገርኩሽ። ሌላው ያባትሽ ነው።»

«ዕድሜ ልኬን ስጠላህ ልትኖር ነበር?»

«አዎ።»

«ጅል ነህ» አለች። እንባዋ ወረደ፤ በእጅጌዋ ስትጠርገው የአሮጌው ሰሌዳ አቧራ ጉንጯ ላይ ተለቀለቀ። «ስማ። አልማርኩህም። እሱ ቢያዝህም፣ ቢያስምልህም፣ አራት ዓመት ያንን ሽንኩርት ሲኮተኩት እያየህ አልፈሃል። በበራችን ስታልፍ አይቼሃለሁ። አልማርኩህም።»

«እንዳትምሪኝ።»

«ነገም አልምርህም።»

«እሺ። ከነገ ወዲያስ?»

ልትስቅ ነበር፤ ከለከለችው። በዚያች ቅጽበት ከጋራዡ ውስጥ የማቲልዳ ፊሽካ ተሰማ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ። ከኋላው ሰው ሲጮህ፣ ባንዱ ሲነሳ፣ መንኮራኩሮቹ ቀስ ብለው ሲጀምሩ ተሰማ። ሎረንስ ሁለት ዓመት ያንን ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዞር ብሎ አላየም። እሷን ያይ ነበር፤ ዛሬም ዓይኑን አልሰበረም።

ኔሊ እጁን ያዘችው። አጥብቃ፣ እንዲያመው አድርጋ ያዘችው።